ቀኝ ጉንጯን ማን አዳነው?

«ዞር በይልኝ። አሁን ወደዚህ። እስቲ እንደገና ወደዚያ።»

ዶክተሯ የፍንጭትን አገጭ በሁለት ጣቷ ይዛ ፊቷን ገበያ ላይ እንደሚመረጥ ሐብሐብ ታገላብጠዋለች። ቀኝ። ግራ። ቀኝ። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አደረገች፣ መልሳ አወረደችው፣ ከዚያ ወንበሯን ጎተት አድርጋ ቀረበች።

«ቀኝሽ ምን አግኝቶ ነው ግራሽ ያጣው?» አለች።

ፍንጭት ሳቋ መጣ። አቦ ደስ ስትል! ስንት ሐኪም ጋ ሄዳለች፤ ሁሉም ወረቀታቸው ላይ አጎንብሰው ቅባት ጽፈው ይሸኟታል እንጂ እንዲህ ቁጭ ብሎ ፊቷን ያየላት ሰው የለም።

ፍንጭት የሚሏት በፊት ጥርሶቿ መሃል ባለው ክፍተት ነው። በስሙ ትኮራለች። ሰሞኑን ግን ክፍል ውስጥ ሌላ ስም አውጥተውላታል፦ «ትራፊክ መብራት»። ለምን ብትሉ፣ ግራ ጉንጯ፣ ግራ የዓይኗ ቆብና የአንገቷ ግራ ጎን ቀልቶ፣ ተሰነጣጥቆ፣ እንደ አሮጌ ቀለም እየተላጠ ነው። ቀኙ ግን ጥርት! አንድ ፊት ላይ ሁለት ሰው። ችፌው ከሕፃንነቷ ጀምሮ አብሯት ያደገ ነው፤ በዓመት ሁለቴ ያምሳታል፣ ሌሊት ያሳክካታል፣ አንገቱ ጠበብ ያለ ሹራብ ያስጠላታል። እንዲህ ግማሹን ትቶ ግማሹን ሲይዛት ግን የመጀመሪያው ነው።

«እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?»

«አንድ ወር ከምናምን።»

«እኔ ሁለቱንም እኩል ነው የምቀባት ዶክተርዬ!» አለች እናቷ፣ እንደተከሰሰ ሰው ደንገጥ ብላ። «ልብስ ሰፊ ነኝ። እኩል ማድረግ ነው ሥራዬ!»

ዶክተሯ ሳቀችና አንድ ወረቀት ከመሳቢያ አወጣች። «የደም ምርመራው መጥቷል። ሰውነቷ ለአንድ የእርሾ ዓይነት ከባድ አለርጂ አለው።»

«ወይኔ! ዳቦ ልታቆም ነው?»

«ኧረ ዳቦዋን ትብላ! ይሄ ቆዳ ላይ የሚኖር ነው፤ የዳቦው ሩቅ ዘመድ በሉት። እኔም ላይ አለ፣ እርስዎም ላይ አለ። ወዝ ስለሚወድ ራስ ላይ፣ ፊት ላይ፣ አንገት ላይ ይሰፍራል። አብዛኞቻችን ጎረቤታችን መሆኑን እንኳን አናውቅም። አንዳንድ ችፌ ያለበት ሰው ግን ሰውነቱ ይሄን እርሾ ሲያይ ጠላት መጣ ብሎ ጦርነት ይከፍታል።»

«እና ጦር ሜዳው ፊቴ ነው?» አለች ፍንጭት።

«ሊሆን ይችላል።»

«እንግዲያው የሚገድለውን መድኃኒት ይስጧታ!» እናትየው ቦርሳዋን አነሳች፤ አሁኑኑ ፋርማሲ ልትሮጥ ነው።

«እርሾ የፈንገስ ዓይነት ስለሆነ የፈንገስ መድኃኒት አለ። አንዳንዱን በጣም ይረዳል፤ ሌላውን ምንም አይጠቅመውም። ኪኒኑ ደግሞ ጉበት ላይ ሊከብድ ስለሚችል በግምት አልሰጥም።» ዶክተሯ ወደ ፍንጭት ዞረች። «ምርመራው አለርጂ አለሽ ይላል እንጂ ፊትሽን ያበላሸው እሱ ነው አይልም። አንድ ነገር ግን ቀኝ ጉንጭሽን አድኖታል። ምን እንደሆነ አግኚልኝ። የሚነካውን ሁሉ ጻፊ፤ ትራሱን፣ ስልኩን፣ ሳሙናውን። በሳምንቱ ነይ።»

ኧረ የቤት ሥራ እንዲህ ሲያስደስት! ፍንጭት በማግስቱ የሒሳብ ደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ዝርዝሩን ጀመረች። ከጎኗ የምትቀመጠው የልብ ጓደኛዋ ሬዲዮ ነች፤ አፏ ስለማይዘጋ ነው ሬዲዮ የተባለችው።

«የምትተኚው በየት በኩል ነው?»

«በሁለቱም። እገላበጣለሁ።»

«ስልክ?»

«በግራ።»

«ትምህርት ቤት የምቀመጠው በየትሽ በኩል ነው?»

«በቀኝ...»

«በቃ ተገኘ!» ሬዲዮ ጠረጴዛውን መታች። «ወሬዬ ነው ያዳነሽ! ለዶክተሯ ንገሪያት፣ በጠርሙስ አሽገን እንሸጣለን!»

መምህሩ ሁለቱንም አስወጧቸው። ኮሪደር ላይ ቆመውም ሲስቁ ነበር።

እስከ ቅዳሜ ድረስ ዝርዝሩ ሃያ ሦስት ነገር ደርሶ አንዱም አላዋጣም። ቅዳሜ ደግሞ የአክስቷ ቀን ነው።

አክስቷ የእናቷ ታናሽ እህት ነች። ሦስት መስታወት፣ ሁለት ካስክና አንድ መታጠቢያ ገንዳ ያላት ፀጉር ቤት አላት። ፍንጭት ረቡዕ ከትምህርት በኋላና ቅዳሜ ጠዋት እየሄደች ፀጉር ትጠርጋለች፣ የፀጉር መጠቅለያ ቢጉዲኖችን በየመጠናቸው ትለያለች፣ ፎጣ ታሰጣለች። ሲያልቅ አክስቷ ፀጉሯን ታጥባታለች። ፀጉር ብቻ! ፊት ክልክል ነው። አምና አክስቷ «ይሄ ችፌ እንዴት ያሸንፈኛል» ብላ ሎሚና ማር ለውሳ ቀባቻትና ፊቷ እንደ ኳስ አብጦ የማጠቃለያ ፈተና አመለጣት። ያኔ እናቷ ፀጉር ቤቱ መሃል ቆማ፣ ደንበኛ ሁሉ እየሰማ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የልጄን ፊት ብትነኪ እህቴ አይደለሽም!» አለቻት። ሁለቱ እህትማማቾች ከዚያ ወዲህ ሲገናኙ የሚያወሩት ስለ አየር ጠባይ ብቻ ነው።

«ራስሽን ቀጥ አድርጊ እንጂ የኔ እናት» አለች አክስቷ፣ ሻምፖውን አርከፍክፋ እያሸች።

«ቀጥ ነው አክስቴ። ገንዳሽ ነው የተጣመመው።»

እውነቷን ነው። የገንዳው አንድ እግር ከተሰበረ ሁለት ወር አልፎታል፤ ከሥሩ ካርቶን አጥፈው ሸጉጠውለታል፤ ግን አሁንም ወደ ቀኝ ያዘነብላል። አክስቷ እንደ ልማዷ አረፋውን ጭንቅላቷ ላይ ትታ የአንዷን ደንበኛ ቢጉዲን ልትፈታ ሄደች። ፍንጭት ጣሪያውን እያየች ተኛች። አረፋው በቀኝ ጆሮዋ ዞሮ፣ ቀኝ ጉንጯ ላይ ተንሸራቶ፣ ቀስ እያለ ወደ አንገቷ ወረደ።

በቀኝ። ሁሉም በቀኝ።

«አክስቴ!» ብላ ተፈናጥራ ተነሳች። አረፋው ልብሷን፣ ወለሉን፣ መስታወቱን ሞላው። «አክስቴ አረፋው! ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው!»

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ ልጅ! ውሃው አቃጠለሽ?»

«ምን ዓይነት ሻምፖ ነው ይሄ?»

«ሻምፖ ነዋ! ያው ሁሌ የምናጥብበት...» አክስቷ ጠርሙሱን አነሳችና ንግግሯ ተቋረጠ። መዳፏ ላይ ጠብ አደረገችው። ሮዝ ነው። ከጎኑ ካለው ጠርሙስም ጠብ አደረገች። ነጭ።

አክስቷ ሻምፖ በትልቅ ጀሪካን ገዝታ አንድ ዓይነት ነጭ ጠርሙሶች ውስጥ እየገለበጠች ነው የምትሠራው። ባንክ የምትሠራ አንዲት ደንበኛዋ ከሐኪም የታዘዘላትን ፈንገስ የሚገድል የፎረፎር ሻምፖ ፀጉር ቤቱ ትታው ነበር፤ የሱ ዕቃ ሲሰነጠቅ አክስቷ እንደ ሌላው ሁሉ ነጭ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጠችውና እንዳይቀየርባት አንገቱ ላይ ቀይ የፀጉር ላስቲክ አሰረችበት። አንድ ሥራ የበዛበት ቀን ላስቲክ አለቀባት። እጇ ቀዩን ፈታ። የአንዷ ደንበኛ ሹሩባ ታሰረ፣ ደንበኛዋም ላስቲኩን ይዛ ሄደች፣ ጠርሙሱም ስሙን አጣ።

«የባንኳ ሴትዮ የፈንገስ መድኃኒት!» አክስቷ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። «የሰው መድኃኒት ነው ስቀባሽ የከረምኩት። ወይ ጉዴ!»

«አድኖኛል እኮ! አክስቴ እይው፣ ይሄን ጉንጬን እይው! አንቺ ነሽ ያዳንሽኝ!» ፍንጭት በአረፋ እንደተሸፈነች አቀፈቻት።

አክስቷ ግን አልሳቀችም። «ስሚኝ። ለዶክተሯ ንገሪያት፣ ምንም ሳትደብቂ። ጠርሙሱንም ውሰጂ። ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪ። በድጋሚ ፊትሽን ነካሁ እኮ። ሳላውቅ ነው ብል ታምነኛለች? ቃል ግቢልኝ።»

ፍንጭት በደስታዋ ብዛት ምኑንም አላሰበችው። «እሺ እሺ፣ ቃል!» አለች።

አክስቷ በዚያው ቀን ለባንኳ ሴትዮ ደውላ ጥፋቷን ተናገረች፤ አዲስ መድኃኒት ገዝታ ተካችላት። ሴትዮዋ «ለካ ለዚህ ነው እንዲህ ቶሎ የሚያልቅብኝ!» ብላ ስቃ ተወችው። ለደንበኛ መናገር እንዲህ ቀላል ሆነ። ለእህት መናገር ግን እንደ ተራራ ከበደ።

በሳምንቱ እናቷ ካርድ ለማውጣት መስኮቱ ጋ ስትሰለፍ ፍንጭት ቀድማ ዶክተሯ ክፍል ገባችና ገንዳውን፣ ካርቶኑን፣ አረፋውን፣ ላስቲኩን፣ ሹሩባውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። ዶክተሯ ግማሹ አልገባትም።

«ቀስ በይ፤ ከገንዳው ጀምሪ።»

ከገንዳው ጀመረች። ዶክተሯ ጠርሙሱን አሸተተች፣ አክስቷ ከባንኳ ሴትዮ ጠይቃ ወረቀት ላይ የጻፈችውን የመድኃኒቱን ስም አነበበች፣ «አረፋው ስንት ደቂቃ ይቆይ ነበር?» አለች።

«አንድ ራስ ቢጉዲን እስኪፈታ። አምስት ደቂቃ?»

«በሳምንት ሁለቴ?» ዶክተሯ ወንበሯ ላይ ደገፍ አለች። «የሰው መድኃኒት እንዲህ ፊት ላይ ማፍሰስ አደጋ አለው፤ ዕድለኞች ናችሁ። ግን እኔ ፈተናውን ላዘጋጅ ብል ከዚህ አስተካክዬ አላዘጋጀውም ነበር። ግማሹን ፊት አክሞ ግማሹን መተው!» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እናትሽ ታውቃለች?»

ፍንጭት ራሷን ነቀነቀች፤ አታውቅም።

«እኔ አልናገርብሽም። የአንቺ ነገር ነው።»

እናቷ ስትገባ ዶክተሯ እንዲህ አለች፦ ቀኙን ያዳነው የፈንገስ መድኃኒት ያለበት ሻምፖ መሆኑ ታውቋል፤ ስለዚህ ለሁለቱም በኩል የፈንገስ ክሬም፣ በሳምንት ሁለቴ የመድኃኒቱ ሻምፖ፣ ማለስለሻ ቅባቱም እንዳይቋረጥ። ኪኒኑ ለጊዜው ይቆይ። ፊቷን የሚነካውን ነገር ሁሉ በጥንቃቄ ተከታተሉ። እናቷ «ሻምፖ» የሚለውን ሰማች፤ ከየት እንደመጣ ግን አልጠየቀችም። ዶክተሯ የሰጠቻቸው መስሏት ይሆናል፤ ደስታዋ ጆሮዋን ደፍኖት ነበር።

ከዚያማ ምን ይባላል! በሁለተኛው ሳምንት የዓይኗ ቆብ ለሰለሰ። በሦስተኛው ማሳከኩ ሄደ፤ ፍንጭት ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ ነጋ፣ «እማ ተኛሁ እኮ!» ብላ እየጮኸች ተነሳች። በአምስተኛው ሳምንት ግራና ቀኟ አንድ ሆነ። ክፍል ውስጥ «ትራፊክ መብራቱ ተበላሸ!» ብለው ሙድ ያዙባት፤ እሷም አብራቸው ሳቀች። አንገቱ የጠበበ ሹራብ ለበሰች! ውሃ ባያሳምማት፣ ንፋስ ባያቃጥላት፣ ጉንጯን በመዳፏ ስትነካው ጉንጭ ብቻ ቢሆንላት፣ ማንን አመስግና ትጨርስ? ዶክተሯን፣ ፋርማሲስቱን፣ የባንኳን ሴትዮ፣ የተሰበረውን የገንዳ እግር እንኳን!

እናቷ ግን የምታመሰግነው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ለጎረቤት፣ ለደንበኛ፣ ሱሪ ለማሳጠር ለመጣው ሁሉ «ዶክተሯ ናት ያዳነችልኝ!» ትላለች። አንድ ምሳ ላይ ደግሞ ጨመረችበት።

«ዶክተሯ ፊቷን የሚነካውን ተከታተሉ ብላለች። ስለዚህ ፀጉር ቤት ከእንግዲህ አትሄጂም። ያ ሁሉ ኬሚካል! በሱ ሳይሆን አይቀርም ስትታመሚ የኖርሽው። እህቴ እንደሆነች ከሎሚዋ ጀምሮ...»

ፍንጭት ለአክስቷ የገባችው ቃል ትዝ አላትና ሳህኗን አንስታ ወደ ጓዳ ሄደች።

ሁለት ቅዳሜ ከቀረች በኋላ ለሬዲዮ ነገረቻት።

«ዝም በይ አቦ!» አለች ሬዲዮ። «እናትሽ ደስ ብሏታል፣ አክስትሽ ሚስጥሯ ተጠብቋል፣ ፊትሽ ድኗል። ማን ተጎዳ?»

ፍንጭት ከትምህርት በኋላ በቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደች። ማን እንደተጎዳ ልታይ ነበር የሄደችው።

አክስቷ በሩ ላይ አየቻት። «ግቢ!» አለች፤ ወዲያው ደግሞ «አይ፣ አትግቢ። እናትሽ ከልክላሻለች አሉ፤ ከሰማች...» እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ወደ ደጅ ወጣች። ብርሃን ላይ አቆመቻት። እጇን ወደ ፊቷ ዘረጋች፤ ሳትነካት መለሰችው።

«አቤት! እንደ ብርጭቆ ሆኗል» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?»

«ቅዳሜን አትፈልጊም?»

አክስቷ ሽርጧን አስተካከለች። ከኋላዋ፣ በክፍት በሩ በኩል፣ ቢጉዲኑ ትልቅ ከትንሽ ተደባልቆ ጠረጴዛው ላይ ተከምሮ ይታያል። የሚለየው ሰው የለም።

«አክስቴ፣ ቃሌን መልሺልኝ» አለች ፍንጭት።

«ሂጂ አሁን፤ ይመሽብሻል።»

«እሺ አላልሽም። እምቢም አላልሽም።»

«ሂጂ አልኩሽ እኮ አንቺ ነገረኛ!» አለች አክስቷ። ግን ፈገግ ብላ ነበር።

የመጨረሻው ቀጠሮ ሐሙስ ነበር። እናትና ልጅ ከሐኪም ቤቱ ፊት ለፊት ካለች አንዲት ሱቅ ገቡ፤ ለዶክተሯ የምስጋና ሻርፕ ሊገዙ። እናቷ እንደ ልብስ ሰፊነቷ ጨርቁን በጣቷ እያሸች፣ ወደ ብርሃን እያነሳች፣ ጠርዙን እያገላበጠች ሻጩን አደከመችው። በመጨረሻ ሰማያዊ መረጠች።

«ይሄ ይሁን። ልጄን ላዳነች ሰው ነው፣ በደንብ ጠቅልልልኝ» አለችው።

ፍንጭት ከመደርደሪያው ሌላ ሻርፕ ጎተተች። ብርቱካናማ፣ ደማቅ፣ እንደ አክስቷ ሳቅ። ሰማያዊው ጎን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄስ ለማን ነው?»

«ፊቴን ላዳነችው።»

«ያዝንላት እኮ!»

«እማ፣ ሁለት ናቸው።»

እናቷ አየቻት። ከዚያ ብርቱካናማውን አየችው። እንዲህ ያለ ቀለም የምትወድ አንድ ሰው ብቻ ነው የምታውቀው። እጇ ቦርሳዋ ላይ ቆመ።

«ምን ልትዪኝ ነው?»

እናቷ ልትቆጣ ትችላለች። በሱቁ መሃል ልትጮህ ትችላለች። አክስቷም ለምን ነገርሽብኝ ብላ ታኮርፋት ይሆናል። ሻጩ አንዴ እናትን፣ አንዴ ልጅን እያየ ወረቀቱን ይዞ ይጠብቃል።

«የምነግርሽ ነገር አለኝ» አለች። «እስክጨርስ እንዳታቋርጪኝ። ቀጠሯችን ገና ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል።»

እናቷ ለደንበኛ ወደተቀመጠችው በርጩማ ሄዳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ሁለቱንም ጠቅልላቸው» አለች ፍንጭት ለሻጩ፤ ከዚያም እናቷ ፊት ተንበርክካ እጆቿን ያዘቻቸው።